ለአሳማ የተዋሰው ሕግ

«የአሳማው ሰውዬ ሞተ አሉ» አለችኝ ጎመን የምትሸጥልኝ ሴት። ይህን ያለችው ስለ ዝናቡ መዘግየት ስታወራ በነበረበት በዚያው ድምፅ፣ ጎመኑን እያሰረች ነው። የትኛው የአሳማ ሰውዬ ብዬ አልጠየቅኋትም። በሆሳዕና ከተማ በዚህ ስም የተጠራ ሌላ ሰው የለም። የደነገጥኩት በመሞቱ ብቻ አልነበረም። እስከዚያ ሳምንት ድረስ በሕይወት መኖሩም አስደነገጠኝ። እኔ በሐሳቤ ከቀበርኩት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። እሱ ግን ከምባታ፣ ዱራሜ ነበር፤ ከእኔ ቤት ጠዋት ተነስቶ ለምሳ በሚደረስበት ከተማ።

ጎመኑን ይዤ ገባሁ፤ ምሳ ግን አልሠራሁም።

ስሙ ዴታሞ ነው። ከእኔ በጥቂት ዓመት ስለሚበልጥ ጋሽ ዴታሞ እለው ነበር። የተዋወቅነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ወደ ጊምቢቹ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ አንድ የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ ቦታው ላይ ቤት ተሠርቶበታል፤ የሚያስታውሰውም ሰው ጥቂት ነው። ትምህርት ቤቱ ላሞችና ዶሮዎች ነበሩት። ከባሕር ዛፉ በስተጀርባ ደግሞ፣ ከመንገድ የማይታዩ፣ አሳማዎች ነበሩት። ሥጋቸው በመኪና አዲስ አበባ ተወስዶ ለፈረንጆች ሆቴል ይሸጣል እንጂ በአገሩ የሚቀምሰው አልነበረም። የኦርቶዶክሱ፣ የእስላሙና የሚሲዮኑ ሰው በሌላ በምንም ባይስማሙ በአሳማ ይስማማሉ።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረስኩ እዚያ በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሆሳዕና ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ሥራ ማግኘቴን ስነግረው ደስ አለው። አሳማ መኖሩን ሲሰማ ግን ጫማሽን ደጅ ታወልቂያለሽ አለኝ። እዚያ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ጫማዬ የሚያድረው ከጣራው ጠብታ ሥር ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ግቢውን ያሳየኝ ጋሽ ዴታሞ ነው። የከብት እርባታ ተምሮ የተመለሰ፣ የአሳማዎቹ ኃላፊ ነበር። ወደ ጉረኖው ሲወስደኝ አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር። አንዲት እናት አሳማ በጎኗ ተጋድማ ታጠባለች። አውሬ አያለሁ ብዬ ስሄድ፣ ነጭ ሽፋሽፍት ያለው ዓይን ቀና ብሎ አየኝ። የሰው ዓይን ይመስላል። ወደ ኋላ ሸሸሁ። ጋሽ ዴታሞ አልሳቀብኝም። «ሁሉም መጀመሪያ በዓይኗ ነው የሚደነግጠው» አለኝ።

ሁልጊዜ የሚለብሰው ካኪ ካፖርት ነበር። በቀኝ ኪሱ ውስጥ ነጭ የቆርቆሮ ኩባያ ይይዛል። ሻይ ቤት ሲገባ፣ ወይም ሰው ቤት ሲጠራ፣ እጁን እስከ ክርኑ በልብስ ሳሙና ታጥቦ ይመጣና ኩባያውን አውጥቶ ያቀርባል። በእኛ ብርጭቆ አትጠጣ ያለው ሰው አልነበረም። እንዳይሉት ቀድሟቸው ነው። አንዳንዱ ሰው ያፍራል፤ አንዳንዱ ደግሞ እፎይ ሲል ፊቱ ላይ ይታያል። እሱ ሁለቱንም እንዳላየ ሆኖ ወሬውን ይቀጥላል።

እኔ በገባሁበት ጊዜ አሳማዎቹ አይረቡም ነበር። አሳማ ብዙ ትወልዳለች ሲባል ሰምቼ ነበር። የእኛዎቹ ግን ጥቂት ይወልዳሉ፤ ከጥቂቱም ግማሹ ሞቶ ይወጣል። አንዳንዷ ጭራሽ አትፀንስም። አንድ ቀን ጠዋት ሠራተኛው ኤርጋኖ ሮጦ መጥቶ ጋሽ ዴታሞን ጠራው፤ እኔም ወረቀት ይዤ ተከተልኩ። ከተወለዱት ግልገሎች አንዱ ዓይን የሚባል ነገር አልነበረውም። ሌላው ከኋላው ድፍን ነው። ጋሽ ዴታሞ በጆንያ ሰብስቦ ራሱ ቀበራቸው። ኤርጋኖ፣ ምድሩ አሳማን እየተፋ ነው አለ፤ ሌሎቹ ሠራተኞችም ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈረንጁ አለቃችን የመኖ ጉድለት ነው ብሎ ፉርሽካና ፋጉሎ አስጨመረ። አሳማዎቹ ወፈሩ፤ ግልገሎቹ ግን መሞታቸውን አላቆሙም።

ነገሩን ያወቀው ጋሽ ዴታሞ ነው። መጀመሪያ በመኪና የመጡት አንድ አውራና ጥቂት ሴቶች ብቻ ነበሩ። አውራው ከእነሱ ወለደ፤ ሴት ልጆቹ ሲደርሱም ከልጆቹ ወለደ፤ ከዚያም ወንድም ከእህት። «ዘር ሲጠብ ማህፀን ይጠባል» አለኝ። ይህን አባባል ከማን እንደሰማው ስጠይቀው፣ ከአሳማዎቹ ነው አለኝ።

ፈረንጁ አምኖት ከሌላ ቦታ ከሌላ ዘር አውራዎች አስመጣ። ችግሩ ግን አላለቀም። የማን ልጅ ማን እንደሆነ ለማወቅ የአሳማዎቹ ጆሮ ይቆረጥ ነበር፤ ቁርጡም ቁጥር ነው። ሲጣሉ ጆሮ ይቀደዳል፤ ጭቃም ይሸፍነዋል። ሠራተኞቹም ለቁጥሩ ደንታ አልነበራቸውም፤ ሴቲቱ ወንድ ስትፈልግ በቅርብ ያለውን በር ይከፍታሉ። ጋሽ ዴታሞ ሲቆጣቸው ኤርጋኖ ይስቃል።

«ጋሼ፣ አሳማ አሳማ ነው። ዘመድ አለው እንዴ?»

ያን ጊዜ ነው በሌላ አገር ለሌላ ሰው ሊመጣ የማይችል ሐሳብ የመጣለት። ሀዲያ ውስጥ ሰው ሁሉ የአባቱ ጎሳ ስም አለው። ከራሱ ጎሳ ማግባት ነውር ብቻ አይደለም፤ የሚታሰብም አይደለም። ልጅ ለትዳር ሲደርስ ሽማግሎች አባቶችን ወደ ላይ እየቆጠሩ ደሙ የት እንደሚገናኝ ይፈትሻሉ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይህን ቆጠራ አይስተውም። ጋሽ ዴታሞ ለእያንዳንዱ የአሳማ ዘር የአንድ ጎሳ ስም ሰጠ። በእጁ በነጭ ቀለም በሰሌዳ ጽፎ በየጉረኖው በር ሰቀለው። ግልገሎቹም እንደ ሰው በአባታቸው ስም ተጠሩ።

ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም። ዛሬም ቢሆን አልጽፋቸውም።

እኔ ሰሌዳዎቹን አይቼ፣ ጋሼ፣ ይህ ደግ አይደለም አልኩት። እሱም አሳማዎቹን ከግቢው ሰዎች በቀር የሚያውቃቸው ሰው እንደሌለ፣ ሰሌዳዎቹም ከባሕር ዛፉ ወዲያ እንደማይታዩ ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ስሕተት አልተፈጠረም። ኤርጋኖ ራሱ ፊቱን አኮሳትሮ እየመጣ፣ ይህ ወንድ እኮ ለእሷ የአጎት ልጅ ነው፣ ነውር ነው ይል ጀመር። የተፈቀደ ወንድ ሲገባ ደግሞ ዛሬ ሠርግ አለ ብሎ ያውጃል፤ ሽማግሌ ልከናል፣ እሺ ብለዋል ይላል። ጉረኖው በግልገል ጩኸት ተሞላ። ዓይን የሌለው አላየንም።

ጋሽ ዴታሞ በእናቶቹ መካከል ያለውን ልዩነት ማጥናት ይወድ ነበር። አንዷ ብዙ ወልዳ ትተኛባቸዋለች፤ ሌላዋ መካከለኛ ወልዳ አንድም አይሞትባትም። ፈረንጁ ብዙ የወለደችውን ሲያደንቅ እሱ ለእኔ በአማርኛ፣ «የወለደችውን ሳይሆን ያሳደገችውን ጻፊ» ይለኛል። ከሁሉ የሚወዳት፣ የወለደችውን ሁሉ የምታሳድገው አንዲት ጆሮዋ የተንጠለጠለ አሳማ ነበረች። ሰሌዳዋ ላይ የጻፈው የአማረችን ጎሳ ስም ነው።

አማረች እጮኛው ናት። ሞርሲቶ አንደኛ ደረጃ ታስተምር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ሆሳዕና አጎቷ ቤት ትመጣለች። ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ቀጭን ልጅ ነበረች። የተዋወቁት በጸሎት ቤት ነው። ሽማግሎች ተልከው የሁለቱን ጎሳ ስም ጠየቁ፤ የተለያየ ሆነ፤ እሺ ተባለ። ሠርጉም ከሀዲያ አዲስ ዓመት፣ ከያሆዴ በዓል በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። እሷ ጋሽ ዴታሞን ስትጨብጠው እጁን አታይም ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ መጀመሪያ እጁን ያያል።

ሠርጉ ሲቃረብ ከጊምቢቹ ፉርሽካ የጫነ ነጋዴ መጣ። ማራገፊያው ቦታ በጭቃ ስለተዘጋ መኪናውን በጓሮ በኩል አስገባ። ማንበብ የሚችል ሰው ነበር። ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ አነበበ። የራሱን ጎሳ ስም ሲያገኝ ቆመ፤ በሩን ተደግፎ ወደ ውስጥ አየ። ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ግማሹ ፉርሽካ ሳይራገፍ ቀረ።

በማግስቱ ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ዴታሞ የሰው አባቶችን አሳማ አደረጋቸው ተባለ። አባቴ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሊገዙ የገቡ ሰዎች እኔን ሲያዩ ሳይገዙ ወጡ። ጎረምሶች ጉረኖውን እናቃጥለዋለን ማለታቸው ተሰማ። የአማረች አጎት ደግሞ ነገሩ በሽማግሌ ፊት ካላለቀ ሠርግ የለም ብሎ ላከ። ጋሽ ዴታሞ ይህን ሲሰማ ኩባያውን ከኪሱ አውጥቶ አየው፤ መልሶ ከተተው። ስለ ቃጠሎው አልጠየቀም። የጠየቀው አማረች ምን አለች ብሎ ነው። የሚያውቅ አልነበረም።

ሽማግሎቹ የተሰበሰቡት ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ ከዝግባው ሥር ነበር። ፈረንጁ ቋንቋውን ስለማይችል የሚባለውን ሰምቼ እንድነግረው ላከኝ። ሴት እዚያ መቀመጥ ደንብ ስላልሆነ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ንግግሩ በሀዲይኛ ነው፤ እኔ ያደግሁበት ስለሆነ ይገባኛል። መሐል ላይ የተቀመጡት አባባ ሱጌቦ ነበሩ። በአካባቢው የማን አባት ማን እንደሆነ እሳቸውን ሳይጠይቅ ያገባ የለም ይባል ነበር። ለእነ ዴታሞ ግን ስሙ ከተለያየ ይበቃል ተብሎ አልተጠየቁም።

መጀመሪያ የተናገረው የአማረች አጎት ነው።

«ሽማግሌ ላክህብን፤ በክብር ተቀበልን። አንተ ግን ልጅቷን ቤትህ ሳታስገባ ስማችንን ጉረኖ አስገባህ።»

ጋሽ ዴታሞ ቆመ። አሳማዎቹ ለምን እንደሞቱ፣ ቁጥሩን ማንም እንዳላከበረው ተናገረ። ሠራተኞቹ የሚፈሩት ሌላ ሕግ አላገኘሁም አለ። ከኋላ አንድ ሰው፣ እነሱ የሚፈሩትን አገኘህ፣ አንተ የምትፈራው ግን የለም አለው። ጉርምርምታ ሆነ። አባባ ሱጌቦ እጃቸውን አነሱ።

«አውራውን በማን ስም ጠራኸው?»

«በእኛ ነው፣ አባባ። መጀመሪያ የጻፍኩት የአባቴን ቤት ስም ነው።»

ይህን የጠበቀ አልነበረም። አባባ ሱጌቦ ቀጥለው፣ ስም ሳይሰጣቸው በፊት አሳማዎቹ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቁት። እሱም ሳይሸፋፍን ተናገረ፤ አባት ከልጁ፣ ወንድም ከእህቱ። ሽማግሎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። አንዱ ወደ ጎን ተፋ። «እናንተ ደግሞ ቆማችሁ ታያላችሁ?» አለው። ያን ጊዜ የቁጣው መንገድ ሲለወጥ አየሁ። ከስሙ ይልቅ ያ ሥራ አስደነገጣቸው። አጎትየውም ለስለስ ብሎ፣ የእኛን ስም የያዘችው የትኛዋ ናት አለ።

«ከሁሉ የምትሻለዋ። የወለደችውን ሁሉ ታሳድጋለች።»

አንድ ሰው ሳቀ። አጎትየው ሳቁን ለመያዝ ጢሙን ዳበሰ። እኔም አለቀ ብዬ አጥሩን ለቀቅሁት።

አባባ ሱጌቦ ግን አልሳቁም። እሷን ከማን ጋር ነው ያገናኘሃት ብለው ጠየቁ። ከእኛው አውራ ጋር አላቸው። ሽማግሌው ወደ አጎትየው ዞረው አባቶችህን ቁጠር አሉት። እሱም ግር እያለው ቆጠረ። ከዚያስ ይሉታል፤ እሱም ይጨምራል። አንድ ስም ላይ ሲደርስ፣ እሱ የማን ልጅ ነው አሉት። አጎትየው የሚያውቀው እዚያ ድረስ ነበር።

የቀረውን እሳቸው ጨረሱት። ያ ሰው ከዴታሞ ጎሳ የተወለደ ነበር። ሰው ገድሎ የቢላቴን ወንዝ ተሻግሮ ሸሸ። የአማረች ጎሳ ተቀበለው፤ ስሙን ሰጠው፤ ልጁ አደረገው። ያን ጊዜ የሸሸው ሰው ዘሮች ከተወለደበት ቤት ልጆች ጋር እንዳይጋቡ ቃል ተገብቷል። የቃሉ ዋስ የአባባ ሱጌቦ አያት ነበሩ።

«ለአሳማዎቹ ቆጥረሃል» አሉት። «ለአንተ ማን ቆጠረልህ?»

ጋሽ ዴታሞ ቆሞ ነበር፤ ቁጭ አለ። ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን አልነበረም። በሩ ላይ የራሱን ስም ያነበበው የጊምቢቹ ነጋዴ ፊት ነበር። ስሕተቱን እሱ ለአሳማዎቹ ሲነቅል፣ ሰዎቹ በእሱ ላይ ሠርተውት ነበር። ስሙ የተለያየ ነው ብለው ደሙን ሳያዩ ቀሩ።

አባባ ሱጌቦ ተነስተው ወደ እሱ ሄዱ። እጃቸውን ወደ ካፖርቱ ኪስ ሰደዱና ያን ኩባያ አወጡ። ለሽማግሎች ከቀረበው እንስራ ውሃ አስቀዱበትና ጠጡ። ጨርሰው ጠጡ። ከዚያ ለአጎትየው ሰጡት፤ እሱም ጠጣ። ስለ ጉረኖው ማቃጠል ከዚያ ወዲህ የተናገረ የለም። በአንድ ኩባያ ውሃ ወደ ሰው መለሱት፤ በዚያው ቀን እጮኛውን ወሰዱበት።

ሰሌዳዎቹን ከሰዓት በኋላ ራሱ አወረዳቸው።

ያየሁትን ለፈረንጁ ነገርኩት። በማግስቱ ጋሽ ዴታሞን ቢሮ ጠርቶ፣ ይህ ከእውቀት ጋር አይገናኝም፣ በዚህ ርቀት ደሙ ከባዳ ደም አይለይም፣ አግባት አለው። እኔ ታይፕ ላይ ነበርኩ፤ መምታቴን አቆምኩ። ጋሽ ዴታሞ፣ ያልከው ልክ ነው፣ እኔም አውቀዋለሁ አለ። ታዲያ ሲለው የመለሰውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ይህን ሕግ ለአሳማ ብዬ ከአባቶቼ ተዋስኩት። ለእኔ ሲሆን አላውቀውም ልበል?»



አማረች በሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ግቢው መጣች። በሩን ከፍታ አልገባችም፤ ከውጭ ሆና አስጠራችው። ሠራተኞቹ ሁሉ ሥራ የያዙ መስለው ያያሉ። ረጅም ጊዜ አላወሩም። እሷ ስትናገር እሱ ይሰማል፤ ኋላ እሱ አንድ ነገር አላት። ልትሄድ ስትል እጇን ዘረጋች። እሱ ከመጨበጡ በፊት፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝቅ ብላ እጁን አየችው። ኤርጋኖ በዚያ ቀን ስለ ሠርግ አልቀለደም። ከዚያም በኋላ በዚህ ነገር ሲቀልድ አልሰማሁትም።

እሷ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአንጋጫ ሰው አግብታ ወደዚያ ሄደች። ለውጡ መጥቶ ጃንሆይ ሲወርዱ ፈረንጁ አገሩ ገባ፤ አሳማዎቹም ተበተኑ። ጋሽ ዴታሞ የመጨረሻዎቹን መኪና ላይ ሲጭን አየሁት፤ ጆሮዋ የተንጠለጠለችው አልነበረችም፣ ቀድማ ሞታለች። ከዚያ ወደ ከምባታ ተዛወረ ሲባል ሰማሁ። እኔም ሌላ ሥራ ያዝኩ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ። ጫማዬም ቤት ውስጥ ማደር ጀመረ።

ለቅሶው ላይ ለመድረስ ዱራሜ የሄድኩት ጎመኑን በገዛሁ በማግስቱ ነው። ሚስት እንዳላገባ የነገረኝ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ መምህር ነው። በግብርና ቢሮ እስከ ጡረታው ሲሠራ ገበሬው ሁሉ በሬና ላም ሲገዛ እሱን ይጠይቅ ነበር አለኝ። ለሁሉም፣ ዘር ሲጠብ ማህፀን ይጠባል ይላቸው ነበር ብሎ ነገረኝ። እኔ እንደማውቀው አልነገርኩትም።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ብዙ ነበር። በከምባታ ሰው መካከል የሀዲያ ዘመዶቹም መጥተዋል። በሴቶቹ በኩል ከፊት፣ የሟች እኅቶች በሚቀመጡበት፣ ጥቂት አሮጊቶች ነጠላቸውን በወገባቸው አስረው ተቀምጠዋል። ጋሽ ዴታሞ አንድ እኅት ብቻ እንደነበረው አውቃለሁ፤ እሷም በልጅነቷ ሞታለች። እነዚህ የጎሳው ሴቶች ናቸው ብዬ አለፍኳቸው። ከዳር ያለችው ቀና ስትል ግን ቆምኩ። ቀጭን ናት። ጥርሷ ረግፏል።

የድንኳኑ አስተናጋጅ ሴት፣ ወጣት ናት፣ አላወቀቻትም። የእንግዶቹ ቦታ በዚያ በኩል ነው፣ እማማ፣ ከሟች ምን ይሆናሉ አለቻት።

አማረች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችው።

«እኅቱ ነኝ» አለች። «በሽማግሌ ፊት የተቆጠረ ነው።»

ልጅቷ ይቅርታ ጠይቃ ሄደች። አማረች አወቀችኝ፤ በእጇ ከጎኗ ያለውን ምንጣፍ መታ መታ አደረገች። የእኅቶች ቦታ ስለነበር አመነታሁ። ኋላ ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ።